የምትሞተውን ከተማ ማስታመም

ሮም ውስጥ አንዲት የ92 ዓመት እናት አስታምማለሁ። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ሌሊት ጎናቸውን አገላብጣለሁ። አንድ ሌሊት እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለማልተርፈው ለምን ትደክሚያለሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። በባቡር ኦርቪዬቶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ባኞሬጆ ደረስኩ፤ ወደ መድረሻዬ፣ ወደ ትንሿ ከተማ ቺቪታ የሚያስገባው ግን ድልድይ በእግር መሻገር ብቻ ነው። ጣሊያኖች «የምትሞተው ከተማ» ይሏታል። የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ሸክላ አፈር አለ። ዝናብና ጅረት ሸክላውን ሲሸረሽሩት የላዩ ድንጋይ መቆሚያ አጥቶ ይናዳል። በ1695 እ.ኤ.አ. ከደረሰባት የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ ነዋሪዋ እየለቀቀ፣ ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት በጣት የሚቆጠር ሰው ነው።

ቅዱስ ቦናቬንቱራ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። የተወለደበት ቤት ከነቦታው ገደል ገብቷል ይባላል። በልጅነቱ ታሞ ለሞት ሲቃረብ እናቱ ለቅዱስ ፍራንቸስኮ ተስላ እንደተረፈ ራሱ ጽፏል። እሱ የካቶሊኮች ቅዱስ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እናቱን ግን አውቃታለሁ። ለታመመ ልጇ የምትሳል እናት በአገሬም ሞልታለች።

ድልድዩ መካከል ቆሜ አሰብኩ። ያ በስለት የተረፈ ልጅ በ1274 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከመቃብር የተነሳው አልዓዛርም መልሶ ሞቷል። ታዲያ የእናቲቱ ስለት፣ የአልዓዛር እህቶች የማርታና የማርያም ዕንባ ከንቱ ነበር? የድካም ዋጋ በመትረፍ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም ማንንም ባላስታመመ ነበር፤ ሁላችንም ሟች ነንና። በማቴዎስ ወንጌል ጌታ በፍርድ ቀን ስለታመመ ሰው የሚያነሳው መጠየቅን ነው፤ መፈወስን አላነሳም። ማዳን የእሱ ነው። ለእኛ የተወልን አጠገብ መገኘትን ነው።

ከተማዋ ውስጥ ስገባ አንዲት ሴት ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ቤቷን ደጃፍ ስትጠርግ አየሁ። የቤቷ ዕድሜ ስንት እንደሚቀረው እሷም አታውቅም። ጠርጋ ስትጨርስ የአበባ ማሰሮዎቿን አንድ በአንድ ውኃ አጠጣች። ቀርቤ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት፤ የመጣሁበትን አግኝቻለሁ።

ማታ ስመለስ የማስታምማቸው እናት ነቅተው ጠበቁኝ። ትራሳቸውን አስተካከልኩና፣ «የትናንቱን ጥያቄዎን ልመልስ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ ስላሉ ነው» አልኳቸው፤ ውኃውን ላሞቅ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።