የሰው ዓይንና የእግዚአብሔር ጆሮ

ምንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 16፥1-13፤ ያዕቆብ 2፥1-9



ነቢዩ ሳሙኤል የቅባቱን ቀንድ ይዞ በእሴይ ልጆች ፊት በቆመ ጊዜ፥ የበኵሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ፥ የተመረጠው እርሱ እንደ ሆነ በልቡ ቈረጠ። እግዚአብሔር ግን ከለከለው፤ የሰው ዓይን ከፊት እንደማያልፍ፥ እርሱ ግን ልብን እንደሚመረምር አስታወቀው። እናስተውል፤ የተሳሳተው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከብላቴንነቱ ጀምሮ የእግዚአብሔርን ድምፅ የለየ ነቢይ ነበረ እንጂ። ነቢዩ በዓይኑ ከተሳሳተ፥ እኛማ እንዴት አንሳሳትም? በገና ደርዳሪው ዳዊት በዚያች ሰዓት በሜዳ ከበጎች ጋር ነበረ፤ አባቱ እንኳ ሊያስጠራው አላሰበም።

ይህን ነገር በኡጋንዳ አገር፥ በካምፓላ ከተማ በደቡብ በኩል፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ወደ ጋባ ወስደን እንመልከተው። ከካባላጋላ ተነሥቶ በካንሳንጋ በኩል ወደ ጋባ የሚወርደውን መንገድ ከአገራቸው ርቀው በካምፓላ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ በካባላጋላ እንጀራና ቡና የሚገኝባቸው ቤቶች አሉና። በመንገዱ መጨረሻ፥ በሐይቁ ዳር፥ የዓሣ ገበያ አለ። እስኪ በዚያ ገበያ ዓሣ ስታጸዳና ስትሸጥ የዋለች አንዲት ሴት፥ ቅርፊቱ ከቀሚስዋ ሳይራገፍ፥ የመዘምራን ድምፅ ወደሚፈተንበት አዳራሽ ገባች እንበል። አፏን ሳትከፍት ከመካከላችን ስንቱ ይፈርድባታል? ከእርስዋም ቀጥሎ ልብሱ የተተኰሰ፥ ጫማው የሚያበራ ጐልማሳ ቢቆም፥ ገና ሳይዘምር ጆሮአችን አይዘጋጅለትምን?

ይህ ጠባያችን በዘመናችን በቴሌቪዥን ገሃድ ወጥቶአል። ሙያቸው ያልሆኑ ዘፋኞች በዳኞችና በሕዝብ ፊት የሚወዳደሩበት ትርኢት በብዙ አገር ይታያል፤ በአገራችንም «ኢትዮጵያን አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» የሚባሉት ታይተዋል። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተነሣው ግን ሚያዝያ 3 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በብሪታንያ የታየው ነው። ከስኮትላንድ፥ ብላክበርን ከምትባል ትንሽ ስፍራ፥ ሱዛን ቦይል የምትባል የ47 ዓመት ሴት ወደ መድረክ ወጣች። እናትዋን እ.ኤ.አ. በ2007 እስከ ሞቱ ድረስ ስታስታምም የኖረች ሴት ናት። ጠጕርዋ እንደ ነገሩ፥ ልብስዋም ተራ ነበረ። ስመ ጥር ዘፋኝ ለመሆን እንደምትመኝ በተናገረች ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ፤ ካሜራውም የሚያፌዙትን ፊቶች እየፈለገ አሳየ። ከዚያ በኋላ ዜማዋን ጀመረች። ጥቂት ቃል ሳትዘልቅ የሳቁት ሁሉ ተነሥተው አጨበጨቡ። ከዳኞቹም አንዲቱ ሰው ሁሉ አስቀድሞ በእርስዋ ላይ እንደ ነበረ በግልጥ መሰከረች። ግንቦት 22 ቀን በተደረገው ፍጻሜ 2ኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ያወጣችውም አልበም በሚሊዮን የሚቈጠር ተሸጠ።

ይህ ስሕተት ሙዚቃ ባልተማሩት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ቺያ ጁንግ ሳይ የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ጥናት፥ ሰዎች የሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎች እነማን እንደ ነበሩ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ድምፁን ብቻ ከሰሙት ይልቅ፥ ድምፅ የሌለውን ፊልም ያዩት አሸናፊዎቹን ለይተው ተገኙ፤ የሙዚቃ ባለሙያዎችም እንደዚሁ ሆኑ። ከዚህም አስቀድሞ በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ተፈታኙን ከመጋረጃ በስተኋላ አቁመው መስማት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በሆላንድ በተጀመረው «ዘ ቮይስ» በተባለው ትርኢትም ዳኞቹ በመጀመሪያው ፈተና ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። ዓለም በዓይኑ መታመን እንደማይገባው አውቆ መጋረጃ ከሰቀለ፥ የእግዚአብሔርን ቃል የምንሰማ እኛ ምን እንመልሳለን?

ነገር ግን፥ ወዳጆች ሆይ፥ በዚህ ብቻ አንቁም። ስለ ሱዛን ቦይል የተሰማው ጭብጨባ የቀደመውን ሳቅ አጥቦታልን? ድምፅዋ ባያምር ኖሮ ሳቁ ትክክል ሊሆን ነበርን? በዚያ ጭብጨባ ውስጥ ከባድ ሕግ ተሰውሮአል። መልኩ ያማረ በከንቱ የሚቀበለውን ክብር፥ መልኩ ያላማረ በታላቅ ስጦታ ይግዛ የሚል ሕግ ነው። እኛም የተናቀ ሰው መልካም ሲሠራ አይተን «ማን ይገምት ነበር!» ስንል፥ መደነቃችን ራሱ ንቀታችንን ይመሰክርብናል። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላደረገው ወንበር ሰጥተው ድኻውን በእግር መረገጫ አጠገብ ያስቀመጡትን የገሠጸ፥ ድኻው የተሰወረ ሙያ ስላለው አይደለም፤ እግዚአብሔር ስለ መረጠው ነው እንጂ።

ወንጌል ከዚህ ሕግ ነጻ ያወጣናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ መሢሑ ሲናገር፥ ዓይን የሚስብ ውበት እንደሌለው አስቀድሞ አስታወቀ። ማርቲን ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1518 በሃይድልበርግ ከተማ፥ እግዚአብሔር በክብርና በግርማ ሳይሆን በመስቀሉ መከራ ውስጥ ተሰውሮ እንደሚገኝ አስተማረ። በጎልጎታ ያለፉት መልኩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓለምን ያዳነ ግን እርሱ ነበረ። እኛስ በፊቱ በምን ቆምን? ዘምረን አላስደነቅነውም፤ ጕሮሮአችን እንደ ተከፈተ መቃብር ሳለ ወደደን። ዜማችን ከማማሩ በፊት ፊቱን ወደ እኛ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ መዝሙር በአፋችን አኖረ።

የአገራችንን የወንጌል ታሪክ እናስብ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፥ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት የወጣች ነበረች። በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ሳሉ ያያቸው ማን የመጽሐፍ ተርጓሚዎች ናቸው ባለ? እ.ኤ.አ. በ1899 ግን በድካማቸው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አባቶቻችን፤ ጸጋ ግን ከሙያም በፊት ነው።

በጋባ ሐይቅ ዳር ለካምፓላ ከተማ የሚሆን ውኃ ይሳባል፥ ይጣራልም። ቧንቧው በምድር ውስጥ ተቀብሮአል፤ የተጠማ ሰው መልኩን አይጠይቅም፥ ውኃውን ይጠጣል እንጂ። ምስጋናም በሸክላ ዕቃ የሚመጣ መዝገብ ነውና፥ ለዕቃው አንፍረድ።

እንግዲህ መዘምራንን የምትመርጡ ሆይ፥ ከማየታችሁ በፊት ስሙ፤ ዓይናችሁን መጨፈን ቢያስፈልግም ጨፍኑ። ልብሰ መዘምራኑ ለሁሉ አንድ የሆነው የአንዱ ድኽነትና የሌላው ብልጥግና እንዳይታይ ነው ብላችሁ አስቡ። መልካም ድምፅ ያላችሁ ሆይ፥ መልክ ታጥቦ አይጠጣምና በመስተዋት አትታመኑ። ስለ መልካችሁ ወይም ስለ ልብሳችሁ ወደ ኋላ የምትሉ ሆይ፥ የጠራችሁ ሕዝብ አይደለምና አትፍሩ። ድምፅ የሌላችሁም ሆይ፥ ዝም አትበሉ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 የመጀመሪያዎቹ የመዝሙር መጻሕፍት በወጡ ጊዜ፥ ዝማሬን ለተመረጡ ጥቂቶች ሳይሆን ለምእመናን ሁሉ ይሆን ዘንድ ፈለገ። በእግዚአብሔር ቤት ቦታ የምታገኙት በዜማችሁ ማማር አይደለም፤ በልጁ ደም ነው እንጂ። በሚመጣው እሑድ በአጠገባችን ያለው ሰው ዜማውን ሲስት ብንሰማ፥ ዘወር ብለን አንመልከተው፤ ከእርሱ ጋር እንዘምር።

እንጸልይ፦ ልብን የምትመረምር አባት ሆይ፥ በወንድሞቻችንና በእኅቶቻችን ላይ በዓይናችን የፈረድነውን ፍርድ ይቅር በለን። ውበት ሳይታይበት በመስቀል በተሰቀለው በልጅህ፥ ዓይናችንን አንጻ፥ ጆሮአችንን ክፈት፥ አፋችንንም በምስጋና ሙላ። አሜን።