ሙት ወቃሽና ሙት አወዳሽ

«ሙት ወቃሽ አትሁን» የሚለውን ምክር ከመካከላችን ያልሰማ የለም። እድራችንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሟቹ ሰካራም ይሁን ቀማኛ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቀባሪው ነቅሎ ይወጣል። እንዲያውም በመቃብሩ አፋፍ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ስንት ጊዜ ቆሜ ተገርሜአለሁ። ጎረቤቱን ሲያስለቅስ የኖረ ሰው «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ሆኖ ይሸኛል። በዚህ እምብዛም የሚጎዳ የለም። የአንድ ሰው ለቅሶ ነውና ድንኳኑ ሲነሣ ውሸቱም አብሮ ይነሣል።

አገር ለሙታኗ ድንኳን ስትተክል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአገር ለቅሶ በየዓመቱ ይመለሳል። ሰንደቅ ዓላማ አለው፣ መድፍ አለው፣ ንግግር አለው፤ ሕፃናት ተሰልፈው የአገራቸውን ታሪክ የሚማሩት ከእሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። በጦርነት የወደቀ ወታደር ሁሉ፣ ለምን እንደ ወደቀ ሳይጠየቅ፣ እኩል ይታሰብ? ወይስ እሱ ሲታሰብ የወደቀበትም ዓላማ ይመዘን? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ብዙ ያስተማረኝ የአሜሪካኖቹ «ሜሞሪያል ዴይ» ታሪክ ነው። ለአንባቢ እንዲመች የእነሱን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።

በዓሉን አብዛኞቻችን የምናውቀው በጎን በኩል ነው። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ያለ ዘመድ በሜይ መጨረሻ ስልክ ይደውልና «ሎንግ ዊክኤንድ ነው፣ ተኝተን ነው የዋልነው» ይላል። እውነቱን ነው። በ1968 የወጣውና ከ1971 ጀምሮ የጸናው ሕግ በዓሉን ከሜይ 30 አንሥቶ የወሩ የመጨረሻ ሰኞ ላይ ስላዋለው የሦስት ቀን ዕረፍት ተገኘ። ሥጋ ይጠበሳል፣ መዋኛው ይከፈታል፣ ፍራሽና መኪና በቅናሽ ይሸጣል። መንግሥት ራሱ ነገሩ ቢከነክነው ጊዜ በ2000 ዓመተ ምሕረት ሌላ ሕግ አውጥቶ ሕዝቡ ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ እንዲያስብ ጠየቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሚበላበት በዓል አንዲት ደቂቃ ለሟቾቹ መለመን ማለት ነው። ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ጥብሱ አይደለም። በእኛስ ቢሆን ለቅሶ ቤት ካርታ የሚጫወት መቼ ጠፋ!

የሚያሳስበኝ አጀማመሩ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በመጨረሻው ዓመት በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ፣ ደቡቦቹ አንድ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ የጃንሜዳ ዓይነት ማለት ነው፣ የምርኮኞች እስር ቤት አድርገውት ነበር። እዚያ ቢያንስ 257 የሰሜን ጦር ምርኮኞች ሞቱና ከተመልካቾች መቀመጫ ጀርባ በጅምላ ተቀበሩ። ከተማዋ ስትለቀቅ፣ ገና ትናንት ባሪያ የነበሩት ጥቁሮች መጡ። ዐፅሙን አውጥተው በረድፍ ቀበሩት፣ ዙሪያውን አጠሩት፣ በበሩም ላይ «የእሽቅድምድሙ ሜዳ ሰማዕታት» ብለው ጻፉ። በ1865 ሜይ 1 ቀን አሥር ሺህ ያህል ሰው ተሰለፈ። ከፊት ሦስት ሺህ ያህል ተማሪዎች ጽጌረዳ ይዘው እየዘመሩ ይሄዱ ነበር። ማንበብ መማር ወንጀል በነበረበት አገር የተማሪ ሰልፍ ከፊት መቅደሙን ልብ ይሏል።

እነዚያ ሰዎች ለማን እንደሚያለቅሱና ስለ ምን እንደሚያለቅሱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለእነሱ ሟቹና የሞተበት ጉዳይ አንድ ነበር። ግን ይህ ሰልፍ ከታሪክ ተፋቀ። ዴቪድ ብላይት የተባለ የታሪክ ምሁር በ1990ዎቹ ከድሮ ወረቀቶች መካከል ቆፍሮ እስኪያወጣው ድረስ ያስታወሰው ሰው ጥቂት ነው። ዐፅሙም በኋላ ወደ ሌላ የመቃብር ሥፍራ ተወስዷል። ሜዳው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን ስሙ ሃምፕተን ፓርክ ይባላል። ሃምፕተን ማን ነው ቢሉ፣ የደቡቡ ጦር ጄኔራል!

ለበዓሉ አባትነት ብዙ ከተሞች ይሟገታሉ። መንግሥት በ1966 ዋተርሉ ለምትባል የኒውዮርክ ከተማ ፈርዷል። ክርክሩ ለእኔ እምብዛም ነው። የማይካደው በመላ አገሪቱ እንዲከበር ያዘዘው የሰሜን ዘማቾች ማኅበር አዛዥ ጄኔራል ጆን ሎጋን መሆኑ ነው። ትእዛዙን ያወጣው በ1868 ሜይ 5 ቀን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና ሦስት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። ሜይ 30 ቀን በአርሊንግተን አምስት ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ከሃያ ሺህ በላይ መቃብር በአበባ አለበሰ። አርሊንግተን ደግሞ የደቡቡ ጦር አዝማች የሮበርት ሊ ቤተሰብ ርስት ነበር። ሰሜኖቹ ሬሳውን ሆን ብለው ከቤቱ አጠገብ ቀበሩት፣ ባለቤቶቹ ተመልሰው እንዳይኖሩበት። ሙታን እንዲህ ለቂም ዘበኛም ይሆናሉ።

ከዚያ ቀደም፣ በ1866፣ ኮሎምበስ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ሴቶች የራሳቸውን ሙታን መቃብር አበባ ሲያለብሱ በአጠገቡ የተቀበሩትን የሰሜን ወታደሮች አይተው ለእነሱም አበባ አኖሩላቸው። ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የገደሉ ሰዎች እኮ ናቸው! ታሪኩ በግጥም ተጻፈ፣ በየትምህርት ቤቱ ተነበበ፣ «እርቅ» የሚለው ቃል በበዓሉ ላይ መስፈን የጀመረው ከዚህ አካባቢ ነው።

በ1871 ግን ፍሬደሪክ ዳግላስ አርሊንግተን ላይ ቆሞ ይህን ቃል ተፈታተነው። ዳግላስ ከባርነት አምልጦ የአገሪቱ ታላቅ ተናጋሪ የሆነ ሰው ነው። የቆመው ማንነታቸው ያልታወቀ ወታደሮች በጅምላ ባረፉበት ሐውልት አጠገብ ሲሆን፣ የንግግሩም ፍሬ ሐሳብ ይህ ነበር፦ የደቡቡን ወታደር ጀግንነት አልክድም፤ ነገር ግን አገርን ለማዳን የወደቀውንና ባርነትን ለማዳን የወደቀውን በአገር ፍቅር ስም አንድ አድርጋችሁ እንዳትረሱ። ሙት ወቃሽ ሊባል እንደሚችል አላጣውም፤ ተናገረ።

የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1900 በአርሊንግተን ለደቡቡ ጦር ሙታን የተለየ ቦታ ተፈቀደ፤ በ1914 ደግሞ በዚያው ትልቅ ሐውልት ቆመ። በሐውልቱ ላይ አንዲት ጥቁር ባሪያ የጌታዋን ሕፃን ስትቀበል፣ አንድ ጥቁር ባሪያም ጌታውን ተከትሎ ሲዘምት ተቀርጾ ነበር። ይህም እርቅ ተባለ። በዚያው ዘመን በደቡብ ጥቁሩ የመምረጥ መብቱን ተነጥቆ በየዛፉ ይሰቀል ነበር። ሐውልቱ በ2023 ዲሴምበር ተነሣ፣ በ2025 ደግሞ ይመለሳል ተብሎ ተነገረ። ሙግቱ ከመቶ ዓመት በኋላም አልሞተም።

በእኔ ዕይታ የኮሎምበስ ሴቶች ሥራና የ1914ቱ ሐውልት ሁለቱም እርቅ ይባሉ እንጂ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሴቶቹ ያሉት «እነዚህም የእናት ልጆች ናቸው» ነው። ሐውልቱ ያለው ደግሞ «እነዚህም ትክክል ነበሩ» ነው። የመጀመሪያው ለቅሶ ነው፣ ሁለተኛው ውዳሴ። በእኛ ሽምግልና ደም የሚደርቀው በዳይ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣው ተቆርጦ፣ የተበደለው ወገን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። በዚያኛው እርቅ ግን ነጭና ነጭ ሲጨባበጥ የተበደለው ጥቁር ከድንኳኑ ውጭ ነበር። ካሣው የተከፈለው ከእሱ ኪስ ነው ማለት ይቻላል።

«እንግዲያው የደቡቡ ወታደር አይለቀስለት?» የሚል ይኖራል። ይለቀስለት እንጂ! ደቡቡ ከ1862 ጀምሮ በግዴታ ይመለምል ነበር። አንድም ባሪያ ኖሮት የማያውቅ የድሃ ገበሬ ልጅ ተይዞ ሄዶ ቀርቷል። የጦርነቱ ዓላማና በጦርነቱ ውስጥ የተገኘው ልጅ አንድ አይደሉም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ አጎት ነበረኝ። በብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሄደና በ1980 መጋቢት አፋቤት ላይ ቀረ። መርዶውን ያመጣው የመንግሥት ሰው አይደለም፤ ከዚያ የተረፈ ጓደኛው ነው፣ እሱም ቀኑን በትክክል አያውቀውም። ከሦስት ዓመት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ የአጎቴ ጦር «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ፣ የሞተውም አብሮ ተበተነ። በዚያው ሰፈር፣ ከአጥራችን ማዶ፣ የኢሕአዴግ ታጋይ ሆኖ ልጃቸው የወደቀባቸው እናት ነበሩ። ለእሳቸው የሰማዕት ቤተሰብ ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፣ በመስተዋት አስገብተው ሰቀሉት። አስመራ ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን የራሷን ሰማዕታት ሻማ አብርታ ታስባለች፤ አጎቴን የገደለው ሰው በኋላ ወድቆ ከሆነ በዚያ ቀን ይታሰባል ማለት ነው። ለአጎቴ ቀን የለውም።

ቀኖቻችን እንዲህ ናቸው። ሚያዝያ 27 ፋሺስት በ1928 አዲስ አበባ የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 የተመለሱበት ቀን ነው፤ የአርበኞች ቀን ሆነ። ደርግ በዓሉን ከተማዋ ነጻ ወደ ወጣችበት ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፣ ንጉሡን ከበዓሉ ለማስወጣት ይመስለኛል። ኢሕአዴግ መለሰው። ቀኑ ሲጎተት አርበኛው ጠያቂ አልነበረውም። በላይ ዘለቀን ያህል ሰው በ1937 የተሰቀለው እኮ በጠላት እጅ አይደለም። ከአርበኞች ቀን ንግግሮች ውስጥ ስለዚህ ስቅላት የሰማሁት አንድም የለም። ዳግላስ ቢኖር ምን ይል ነበር?

ከ2013 እስከ 2015 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ነገሩ ብሷል። በ2016 ጥቅምት በትግራይ መርዶ በየቤቱ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በሌላውም ወገን ልጇን የቀበረች፣ ወይም ሳትቀብር የቀረች እናት ብዙ ናት። የእነዚህን ሁሉ ውዳሴ በአንድ መድረክ ማንበብ አይቻልም፤ አንደኛው ሲወደስ ሌላኛው ይወቀሳልና። ለውዳሴው መቸኮልም ያለብን አይመስለኝም። ምርመራ ይፈልጋል፣ ማን ምን እንዳደረገ መነገር አለበት፣ በተለይ መሣሪያ ባልያዘው ላይ። ለቅሶው ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። የወደቁትን ስም በቀጠሮና በደረጃ ሳይሆን በፊደል ተራ መጻፍ የሚያቅተን ለምንድን ነው? አርሊንግተን ላይ የደቡቡ ወታደር ድንጋይ ጫፉ ሹል፣ የሌላው ክብ ነው። ልዩነቱ አልተደበቀም፤ ስሙ ግን በሁለቱም ላይ ተጽፏል።

አያቴ ተዝካሩን ያወጣችው ያለ ሬሳና ያለ ቀን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ የጠየቋት የክርስትና ስሙን ነው፤ የክፍለ ጦሩን ስም አልጠየቋትም። ጠላው ተጠምቆ እንጀራው ሲጋገር ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብለው ያደሩት ደግሞ ከአጥር ማዶ ያሉት፣ ወረቀቱን በመስተዋት ያደረጉት እናት ናቸው።