ስድስት ገንቦ፣ ሦስት ጢስ

በአንድ ቆላ አገር ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ ቀረ። ወንዙ አሸዋ ሆነ፤ የጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ነጠፈ። ከገደሉ ሥር ያለችው አንዲት ምንጭ ብቻ ሳትደርቅ ቆየች። እሷም ብትሆን እንደ ድሮው ለሁሉ የምትበቃ አልነበረችም። ማለዳ የቀደመ ከብቱን ሳይቀር አጠጥቶ ይመለሳል፤ አርፍዶ የደረሰ ጭቃ ይዝቃል። ጠብ በዛ፣ ገንቦ በገንቦ ላይ ተሰበረ። አንድ ቀን ደም ሊፈስ ሲል ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ተማከሩና የውኃ አባት ሾሙ።

የውኃ አባቱም ሥርዓት አወጣ። «ሰው ያለ ውኃ አያድርም» አለ። «ስለዚህ በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገንቦዎች ለጉሮሮና ለወጥ ናቸው፤ ለአንዱ ገንቦ አንድ እፍኝ ማሽላ ይበቃል። ሦስተኛውና አራተኛው ለእጥበትና ለጥንስስ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ሁለት እፍኝ። ከአራት በላይ የሚቀዳ ግን የሌላውን ድርሻ እየቀዳ ነውና በየገንቦው አራት አራት እፍኝ ይክፈል። ከዚህ ሌላ፣ ብዙም ቀዳ ጥቂት፣ ወደ ምንጯ በር የመጣ ሁሉ አንድ እፍኝ ይጥላል። አጥሩ የሚታደሰው፣ ጭቃው የሚጠረገው፣ ዘበኛው የሚበላው በእሱ ነው።»

ለእያንዳንዱ ቀጂ አንዲት በትር ተቆረጠች። አንድ ገንቦ በተቀዳ ቁጥር የውኃ አባቱ በትሯ ላይ በቢላዋ አንድ ጭረት ይጭራል። ማታ ጭረቱ ይቆጠራል፣ ማሽላው ይሰፈራል።

ሥርዓቱ መልካም ነበር፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። በቀን አሥር ገንቦ ይቀዳ የነበረው ጠላ ጠማቂ፣ አምስተኛው ገንቦ አራት እፍኝ እንደሚያስወጣው ሲያይ ወደ አራት ወረደ። ከብት ያለው ሰው ከብቱን ወደ ሩቁ ኩሬ መንዳት ጀመረ። ማለዳ ያልደረሰም ሰው ንጹሕ ውኃ ማግኘት ቻለ።

ከመንደሩ ጫፍ፣ ከቋጥኙ በላይ፣ ሦስት ጎጆዎች ነበሩ። በአንደኛዋ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት፣ በሁለተኛዋ ባልና ሚስት ከጡት ልጃቸው ጋር፣ በሦስተኛዋ ደግሞ አምስት ልጆች የምታሳድግ እናት ይኖራሉ። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ገንቦ አዝላ ለመውጣት የባልቴቷ ጉልበት አይችልም። በሦስቱ ቤት መካከል ያለችው አህያ አንዲት ብቻ ናት። ስለዚህ የእናቲቱ ትልቋ ልጅ በየቀኑ አህያዋን ነድታ ትወርድና ለሦስቱም ስድስት ገንቦ ቀድታ ትመለሳለች፤ ለባልቴቷ አንድ፣ ለባልና ሚስቱ ሁለት፣ ለእናቷ ቤት ሦስት። በትሯ አንዲት ናት፤ ማሽላውንም ሦስቱ ቤቶች እኩል ያዋጣሉ።

ሂሳቡ ይህን ይመስል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገንቦዎች ሁለት እፍኝ። ቀጣዮቹ ሁለት አራት እፍኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስምንት እፍኝ። የበሩ አንድ እፍኝ። ድምሩ ዐሥራ አምስት፤ ለየቤቱ አምስት እፍኝ።

ባልቴቷ ጎተራዋ ሲጎድል አየች። «እኔ በቀን የምጠጣው አንድ ገንቦ ነው። ማሽላዬ የት ይገባል?» አለች። መጀመሪያ እናቲቱን ጠረጠረች፤ ልጆቿ ብዙ ናቸውና። እናቲቱ ባልና ሚስቱን ጠረጠረች፤ የሕፃኑ ጨርቅ በየቀኑ ታጥቦ ይሰጣል። ባልና ሚስቱ ልጅቷን ጠረጠሩ፤ ምናልባት መንገድ ላይ እያፈሰሰች፣ ምናልባትም ለሌላ እየሸጠች። በመጨረሻ ሦስቱም አንድ ሆነው የውኃ አባቱን ጠረጠሩ። እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ነገሩ ወደ ዋርካው ወረደ።

ሽማግሌዎቹ ተጠንቅቀው መረመሩ። ገንቦውን በቅል ሰፈሩት፤ ልክ ነው። ጭረቱን ቆጠሩ፤ ስድስት ነው። እፍኙን ደመሩ፤ ዐሥራ አምስት ነው። ልጅቷን ከምንጯ እስከ ጎጆዎቹ ሰው ተከተላት፤ አላፈሰሰችም፣ አልሸጠችም። ሌባ የለም፣ ሐሰተኛም የለም። ባልቴቷ ግን አሁንም ለአንድ ገንቦ አምስት እፍኝ ትከፍላለች፤ ጠላ ጠማቂው ደግሞ ለአራት ገንቦው የበሩን ጨምሮ የሚከፍለው ሰባት እፍኝ ነው።

«እንግዲህ ሁሉም ትክክል ነው፤ ታረቁና ሂዱ» ሊሉ ሲነሡ፣ ልጅቷ ከአህያዋ አጠገብ ሆና ተናገረች። «አባ፣ በበትሩ ላይ ስንት ገንቦ እንደቀዳሁ ጭረውበታል። ስንት ቤት እንደሚጠጣው የጫሩት የት ነው?»

የውኃ አባቱ በትሩን አገላበጠው። ጀርባው ልሙጥ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ወጡና ከሦስቱም ጣራ ጢስ ሲወጣ አዩ። በበትሩ ጀርባ ሦስት ጭረት ተጫረ። ከማግሥቱ ጀምሮ ሂሳቡ በጢስ ሆነ፤ የበሩን እፍኝ ጨምሮ ባልቴቷ ሁለት እፍኝ፣ ባልና ሚስቱ ሦስት፣ እናቲቱ አምስት። ለእናቲቱ አልቀነሰላትም፤ አልጨመረባትምም። ሦስተኛ ገንቦዋን በዋጋው ከፈለች፤ የባልቴቷ ማሽላ ግን ከዚያ በኋላ የእሷን ውኃ መክፈሉን አቆመ።

ጠላ ጠማቂው ይህን ሰምቶ መጣ። «የእኔም ልጅ ከጓሮ ጎጆ ቀልሷል፤ እኛም ሁለት ጢስ ነን» አለ። ሄደው አዩ፤ ምድጃው ላይ ፍየል ተኝታበታለች። እንደ አንድ ቤት ተቆጠረ። ሌላው ሰው ደግሞ አህያው አንክሳ ሁለት ቀን ቀርቶ፣ በሦስተኛው ቀን ስድስት ገንቦ ሊቀዳ ወረደ። የውኃ አባቱ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት «ይህ የስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀው። የሦስት ቀን ነበርና ስድስቱንም በአንድ አንድ እፍኝ አስከፈለው።

ምሳሌው ለመብራት ቢል ነው። በትሩ ቆጣሪው ነው፤ ጭረቱ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈው ንባብ ሲቀነስ የሚቀረው የወሩ ፍጆታ ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። የቀድሞው ዓይነት ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ በዚያው ሰዓት 1.35 ብቻ። የእንጀራ ምጣድ ግን ሌላ ነገር ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ለ2 ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል። በሳምንት ሁለቴ፣ በወር 8 ጊዜ ከተጋገረ 56 ሆነ። አምፖል እያጠፋ ልጆቹን የሚቆጣ አባወራ መጀመሪያ ይህን ስሌት ቢያውቅ እወዳለሁ፤ የቢሉ ትልቁ ክፍል ምጣዱ ላይ ነው ያለው።

እርከኑም የምሳሌውን ይመስላል። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በ50፣ በ100፣ በ200፣ በ300፣ በ400 እና በ500 ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፋፈላል፤ ፍጆታው ሲያድግ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ፣ እስከ 50 ላለው የነበረው 0.2730 ብር አልተነካም፤ ከ500 በላይ ያለው ግን በመጨረሻው ደረጃ 2.4810 ብር ደረሰ። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ ታሪፍ ወጥቷል፤ ስለዚህ የአምናን ቢል ይዞ የዘንድሮን ማስላት አይቻልም። በዚህ ላይ የበሩ እፍኝ አለ፤ የአገልግሎት ክፍያ ይባላል። በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ቤት ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ እስከ 200 ድረስ ያለው ነፃ ነው።

እኔ እርከኑን አልቃወምም። ትንሽ ለሚጠቀም ቤት መብራት በርካሽ እንዲገባለት የተደረገ ነውና ሊጠበቅ ይገባዋል። የሚያሳስበኝ የጋራ ቆጣሪ ነው። በአንድ ግቢ አራት ተከራዮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማሉ። አከራዩ 90 ይጠቀማል። የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አራቱም ከታችኛው እርከን አይወጡም ነበር፤ አከራዩም ከሁለተኛው አያልፍም፤ ታክሱም ማንንም አይነካም ነበር። ቆጣሪው አንድ በመሆኑ ግን የሚነበበው 270 ነው። አንዲት ክፍል ተከራይታ ማታ አምፖል አብርታ ስልኳን የምትሞላ ልጅ በባለ ፍሪጅና በባለ ምጣድ ቤት ዋጋ ትከፍላለች። ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው ዋጋ ድሃዋ ጋ ሳይደርስ ቆጣሪው ላይ ይቀራል።

ከዚያ ጠቡ ይጀምራል። አከራዩ በአምፖል ቁጥር ያከፋፍላል፤ ወይ በሰው ቁጥር፤ ወይ እኩል። «ማታ ማታ ምድጃ የምትሰካው እሷ ናት» ይባላል፤ በር እየተንኳኳ ሶኬት ይታያል። በዚህ የተነሳ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ሰዎች ሲኮራረፉ ማየት ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው የሰረቀ የለምና። በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ይለያል፣ ጥርጣሬውንም ያበርዳል። ድምሩን ግን ወደ ታችኛው እርከን አያወርደውም፤ የሚያወርደው ለየቤቱ የተመዘገበ የራስ ቆጣሪ ነው። ስለዚህ የቆጣሪ ጥያቄ ለተከራይ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ለሰፊው ሕዝብ የወጣው ዋጋ እንዲደርሰው የሚጠይቅበት መንገድ ነው። አከራይም ቢሆን ይጠቀማል፤ በ270 ዋጋ የሚከፍለው የራሱንም 90 ነው።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ቆጣሪ አንባቢ አንድ ወር በሩ ተዘግቶበት ሄዶ በሚቀጥለው ሲመጣ የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ቢል ላይ ሊደመር ይችላል። በወር 90 የሚጠቀም ቤት ያኔ 180 ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱም ወር በየራሱ ከ100 በታች ሆኖ ሳለ ከ100 በላይ ባለው እርከን ሊሰላበት ነው። እንዲህ ያለ ቢል የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ብሩን ሳይሆን ሁለቱን የንባብ ቀኖች ይሁን። በየወሩ በአንድ ቀን ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ያስቀመጠ ሰው፣ ፍጆታው ለየወሩ ተከፍሎ እንዲሰላለት ሲጠይቅ የሚያሳየው ነገር በእጁ ይኖራል።