ጨው በሌለበት ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከባድ ኃጢአት ያልሠራ ሰው ንስሐ ምን ያደርግለታል?

በጣና ክረምት ከበጋ ታስረው የሚውሉትን ሞተር ጀልባዎች አስቡ። ጣና ጨው የለውም፤ በቀይ ባሕር ብረት ቶሎ የሚበላው ጨው፣ ከጀልባ ሆድ እንደ ድንጋይ የሚጣበቀው ባለዛጎል ፍጥረትም እዚያ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ «ደኅና ናት» ብሎ ይተኛል። ከውኃው በታች ግን አረንጓዴ አልጌ ይለብሳታል፤ ትከብዳለች፣ ነዳጅ ትፈጃለች። ፋይበርግላስ ከሆነች ደግሞ ውኃው በቀስታ ሰርጎ ገላዋን ውኃ ሊያስቋጥረው ይችላል። ይህ የሚታየው ወደ ደረቅ ስትወጣ ነው።

እኛም በስደት «አልሰረቅን፣ አልገደልን» እንላለን። ለእናታችን ከደወልን ግን ስንት ወር ሆነን? ከአንድ ክፍል እኅታችን ጋር ከተኳረፍንስ? እኔም ካህኑ ድካምን አመካኝቼ ጸሎቴን ያሳጠርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ማንም አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም ነበር።

ጀልባ የተሠራችው ለውኃ ነው፤ ሰውም ከኑሮው ይሽሽ አንልም። ነገር ግን በየጊዜው ወጥታ ትታጠብ፤ ጾምና ንስሐ ለዚህ ተሰጡን። ሳይብስ እንውጣ፣ እንታይ፣ እንታጠብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።