የሞት ግምትና የሰው ኅሊና

ካለፉ ሕሙማን መዝገብ ተምሮ፣ የተኛው ሕመምተኛ የመሞት ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚገምት ኮምፒውተር ተገኝቷል። ልናምነው ይገባን ይሆን?

ሪች ካሩአናና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሳንባ ምች ሕሙማንን መዝገብ ያጠና ማሽን፣ አስም ያለባቸው የመሞት አደጋቸው አነስተኛ ነው ሲል ደመደመ። መዝገቡ አልዋሸም፤ እነዚህ ሰዎች የዳኑት ግን ሐኪሞች አደጋውን ዐውቀው ፈጥነው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስላስገቧቸው ነበር። ማሽኑ የተደረገላቸውን እንክብካቤ የበሽታው ጠባይ አድርጎ ቈጠረው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በክልላችን በጉባ ተመርቋል፤ ኮምፒውተሩም ነገ ወደ ሆስፒታሎቻችን ቢመጣ አያስደንቅም። ሆኖም ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ዘግይቶ አሶሳ የደረሰ ሕመምተኛ ቢሞት፣ መዝገቡ ሞቱን እንጂ የመንገዱን ርዝመት ላይጽፍ ይችላል። ከዚህ የተማረ ማሽን «የሩቁ ሰው አይተርፍም» ቢል፣ አልጋውም ለሌላ ቢሰጥ፣ ትናንት ሕክምና የተነፈገው ዛሬም ይነፈጋል።

እንግዲህ ቁጥሩን አንናቀው፤ ለማን ፈጥነን እንድረስ ብለን እንጠይቀው። ማንን እንተው ብለን ግን አንጠይቀው። እርሱ የሚያውቀው የሆነውን ነው፤ ሊሆን የሚገባውን መወሰን የእኛ ዕዳ ነው።