ለማቅናት መፍታት



በእጅ በተነከረ ክር፣ እንደ ዳንቴል የሳሳ ባለብዙ ቀለም ሻል በሹራብ መርፌ የሚሠራ ሰው አንዲት ቀለበት ቢዘነጋ ወዲያው ላያውቀው ይችላል፤ የቀለሙ ብዛት ስህተቱን ይሸፍናል። ከጥቂት ረድፎች በኋላ ግን ቁጥሩ አልገጥም ይላል፤ ንድፉም ይዛነፋል። ታዲያ ማንም አላየም ብሎ ይቀጥል ወይስ የደከመበትን ይፍታ?

ብልህ ባለሙያ አስቀድሞ፣ በትክክል ባለቀ አንድ ረድፍ ቀለበቶች ውስጥ ሌላ ቀጭን ክር ያሳልፋል። ሲሳሳት የሚፈታው እስከዚያች ክር ድረስ ብቻ ነው። የተፈታውም አይጣልም፤ መልሶ ይሠራበታል።

በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛው አያ፣ ቃል ኪዳንን ማፍረስ የፈተለችውን ክር መልሳ በፈታች ሴት ተመስሏል። እሷ ያፈረሰችው የጠነከረውን ነው። ተውበት የሚያደርግ ሰው ግን የሚፈታው የተዛነፈውን ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ! ሰው ያላየብንን አላህ ያውቀዋል። ጁሙዓ ያቺን ቀጭን ክር ትሁንልን። ዛሬ ቆም ብለን ከየትኛው ረድፍ ጀምሮ እንደተዛነፍን እንይ። ያስቀየምነውን ሰው ይቅርታ እንጠይቅ፤ በእጃችን ያለ የሰው ሐቅ ካለም እንመልስ።

ጁሙዓ ሙባረክ!