ሳይታክቱ ስለ መጸለይ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ጉዳይ ያለበት ሰው የሹም ደጅ ይጠና ነበር። ማልዶ ይመጣል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆማል፤ ነገ ተመለስ ቢሉትም በማግስቱ ይመለሳል። ሹሙ ጉዳዩን ያላወቀ እንደ ሆነ ያስታውቀዋል፤ ቸል ያለ እንደ ሆነ ያሳስበዋል። እግዚአብሔር ግን ሰው ሳይለምነው የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ ቸልታም በእርሱ ዘንድ የለም። እንግዲያስ አንዱን ልመና ዕለት ዕለት መደጋገም ምን ይጠቅማል? የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ የተነገረላት መበለት ለዚህ መልስ ትሰጣለች። ፍርሀትም እፍረትም የሌለበት ዳኛ ከጭቅጭቋ ለማረፍ ሲል ፈረደላት። ምሳሌው እግዚአብሔርን ከዚያ ዳኛ ጋር ለማስተካከል አልተነገረም፤ ክፉው እንኳ እንዲህ ካደረገ ቸሩማ እንዴት አብልጦ አይሰማም ለማለት ነው። ስለዚህ ጽናት የሚያስፈልገው የእግዚአብሔርን ልብ ለማለዘብ ሳይሆን የለማኙን ልብ ለማቅናት ነው።

የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ለዚህ ምስክር ናት። ልጇ ከሃይማኖት ርቆ ሳለ ብዙ ዓመት በእንባ ጸለየች። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ383 ዓ.ም. ከካርቴጅ ወደ ሮም ሊሻገር በተነሣ ጊዜ፥ እንዳይሄድባት ሌሊቱን በጸሎት አደረች፤ እርሱ ግን አታልሏት በመርከብ ሄደ። የዚያች ሌሊት ልመናዋ የተናቀ መሰለ። ይሁን እንጂ ከሮም ወደ ሚላኖ አልፎ የኤጲስ ቆጶሱን የአምብሮስዮስን ስብከት የሰማው በዚሁ መንገድ ነው፤ በ387 ዓ.ም. በእርሱ እጅ ተጠመቀ። ሞኒካ ከዚያች ሌሊት በኋላ ልመናዋን ትታ ቢሆን ኖሮ ከእምቢታው በቀር ሌላ ነገር ባልታያት ነበር። በመጽናቷ ግን የተነፈገችው ትንሹን፥ የተሰጣትም ትልቁን እንደ ሆነ ለማየት በቃች።

በየዕለቱ ኑሮም እንዲሁ ነው። ነጋዴ ሱቁን ሳይከፍት፥ ጸሐፊ ብዕሩን ሳያነሣ፥ እናትም እሳት ሳትጭር አጭር ጸሎት ቢያደርሱ፥ ዘወትር የሚለምኑት ነገር ቀስ በቀስ ራሳቸውን ይመረምራቸዋል። የባልንጀራውን ጥፋት የሚለምን ሰው ልቡናው ካልደነደነ በቀር ውሎ አድሮ በልመናው ያፍራል፤ የዕለት እንጀራውን የሚለምን ግን አያፍርም። ቃል ማብዛት ሌላ፥ መጽናት ሌላ ነው፤ ያ ከንፈርን ያደክማል፥ ይህ ፈቃድን ያጠራል።

ዳሩ ግን አንድ ፈተና ይቀራል። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እንደዚያች መበለት ነው፤ በባልንጀራው ፊት ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ዳኛ ይሆናል። ማለዳ ኪዳን አስደርሶ የተመለሰ ሰው፥ ከደጁ የቆመውን ባለ ጉዳይ ነገ ተመለስ ብሎ ያለ ምክንያት ቢሰድደው፥ የጠዋት ልመናውን በራሱ አፍ አፈረሰው። ሳይታክት የሚለምን ሳይታክት ሊሰማ ይገባዋል።